«ውሻ ያዙልን»፦ የመንገደኛ፣ የመጠጥ ቤትና የውሻ ታሪክ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ በር

በኢትዮጵያ ደጋ አገር መንገደኛና ውሻ በምን ደንብ ይገናኙ እንደ ነበር ለማወቅ ከአንዲት አጭር ጥሪ መነሣት ይበቃል፤ ይህችም «ውሻ ያዙልን» የምትለው ናት። እንግዳ ወደማያውቀው ግቢ ሲቃረብ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የሚያሰማት ይህች ጥሪ፣ በቃሏ ስለ ውሻ ብትናገርም፣ በተግባሯ የሰውን መምጣት የምታሳውቅ፣ በስውር እንዳልመጣ የምትመሰክርና ለመግባት ፈቃድ የምትጠይቅ ነበረች። በሌላው ዓለም፣ በተለይም በእንግሊዝ አገር፣ ከከተማ ወጥቶ በገጠር መንገድ በእግሩ የሚንሸራሸር ሰው ውሻውን አስከትሎ ወደ መጠጥ ቤት ይገባል፤ ውሻውም ጌታው ቢራውን እስኪጨርስ ከምድጃው አጠገብ ተጋድሞ ይጠብቃል፤ ባለ መጠጥ ቤቱም ለውሻው የውኃ ሳሕን አስቀምጦ ደንበኛ ይስባል። ይህን ልማድ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። የሚያገኘው የራሱ ደንብ ያለው ሌላ ሥርዓት ነው፤ በዚህ ሥርዓት ውሻ የባለቤቱ ዘበኛ ስለሆነ ከመንገደኛው ጋር የሚገናኘው ደጃፍ ላይ ነው፤ እንግዳ በገንዘቡ መስተናገድ በጀመረበት ዘመን ይህ ዘበኛ ምን እንደ ገጠመው መመርመር ደግሞ የአካባቢውን ማኅበራዊ ታሪክ አንድ ገጽ መግለጥ ነው።

የዛሬው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በነዋሪ ብዛት ከአዲስ አበባ ግንባር ቀደም ክፍለ ከተሞች አንዱ ሲሆን፣ የድርብ ስሙ ሁለቱ ክፍሎች ከተለያየ ምንጭ የመጡ ናቸው። «ኮልፌ» ከተማይቱ ከመቆርቆሯ በፊት በሥፍራው ይኖሩ ከነበሩት ኦሮሞዎች የተወረሰ ስም ነው፤ ድምፁም በኦሮምኛ «ሳቀ» ከሚለው ግሥ ጋር ይገጥማል። «ቀራንዮ» ደግሞ ክርስቶስ የተሰቀለበት ሥፍራ ስም፣ ትርጉሙም «የራስ ቅል» የሆነ፣ ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የገባ ቃል ሲሆን፣ ለክፍለ ከተማው የደረሰው በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በኩል ነው። አካባቢው ከከተማይቱ ወደ ምዕራብ በሚወጡት ሁለት ዋና መንገዶች መካከል ይገኛል፤ አንደኛው በአስኮና በቡራዩ አልፎ በሆለታ በኩል ወደ አምቦና ወደ ነቀምቴ የሚያደርሰው፣ ሁለተኛው በአየር ጤናና በዓለም ገና በኩል ወደ ሰበታ፣ ከዚያም ወደ ወልቂጤና ወደ ጅማ የሚዘልቀው ነው። በሁለቱ መንገዶች መካከል ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የወጨጫ ተራራ ይታያል፤ በተዳፋቱም ላይ በአጼ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ ማለትም በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ እንደ ተተከለና በአዋጅ እንደ ተጠበቀ የሚነገርለት የመናገሻ ሱባ ደን አለ።

ይህ ምዕራባዊ በር ታሪካዊ ክብደት ያገኘው በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ጥቂት ዓመታት በኋላ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እየጠፋ በመሄዱ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር፤ ይህ ሐሳብ ሊተው የቻለው ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ አድጎ የእንጨቱን ችግር ስላቃለለ ሲሆን፣ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ሁለቱን ከተሞች ለማገናኘት የተሠራው መንገድ ግን፣ በኢትዮጵያ በዘመናዊ አሠራር ከተዘረጉት የመጀመሪያዎቹ መንገዶች አንዱ እንደ መሆኑ፣ የምዕራቡን ንግድ ወደ ዋና ከተማይቱ የሚያስገባ ቦይ ሆኖ ቀጠለ። ቡና፣ ማር፣ ቅቤ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ የጫኑ አጋሰሶችና አህዮች፣ እነርሱንም የሚነዱ ሲራራ ነጋዴዎች፣ ማለትም ከገበያ ገበያ ረጅም መንገድ የሚመላለሱ ነጋዴዎች፣ ወደ ከተማይቱ ከመግባታቸው በፊት የመጨረሻዋን ሌሊት የሚያሳልፉት በዚህ ዳርቻ ባሉ መንደሮችና ሜዳዎች ነበር። የባሕር ዛፉ ታሪክ ዛሬም በአካባቢው ስም ላይ ታትሞ ይገኛል፤ በኮልፌ የሚገኘው «አጠና ተራ» ስሙን ያገኘው ለቤት ማገርና ለአጥር ከሚሸጠው ቀጭን የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ከአጠናው ነው።

በዚያ ዘመን መንገደኛ የሚስተናገድበት መንገድ እንደ ማዕረጉ የተለያየ ነበር። የመንግሥት እንግዳ፣ ለምሳሌ ከንጉሡ ደብዳቤ የያዘ መልእክተኛ ወይም የውጭ አገር ሰው፣ «ድርጎ» ይቀርብለት ነበር፤ ድርጎ ማለት በየማረፊያው የሚገኘው ባላገር እንጀራውን፣ በጉን፣ ጠላውንና ጠጁን አዋጥቶ እንዲያቀርብ በትእዛዝ የሚጣልበት ቀለብ ሲሆን፣ ለተቀባዩ ክብር፣ ለሰጪው ግን ሸክም እንደ ነበር ግልጽ ነው። ወታደሩም «ተሰሪ» ተብሎ በገበሬው ቤት የሚመደብበት ልማድ ነበረና፣ ባለቤቱ ሳይወድ የሚያሳድረው እንግዳ ጥቂት አልነበረም። ከእነዚህ የሚለየው ሦስተኛው «የእግዜር እንግዳ» የሚባለው፣ ትእዛዝም ሥልጣንም ሳይኖረው መሽቶበት ደጅ የሚጠና ተራ መንገደኛ ነው። «ውሻ ያዙልን» የምትለው ጥሪ በዋናነት የዚህ የሦስተኛው ሰው ንብረት ነበረች። ትእዛዝ የያዘ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ፈቃድ አይለምንም፤ ወታደርም ስለ ውሻ ብዙ አይጨነቅም፤ የእግዜር እንግዳ ግን ከዱላውና ከአንደበቱ በቀር ሌላ መከላከያ የለውም።

የጥሪው ሥርዓት ዝርዝር ነገሮች ስለነበሩት በጥቂቱ ማብራራት ያስፈልጋል። መንገደኛው ከአጥሩ በር ላይ ሆኖ በመጀመሪያ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ውሻው መጮኹ አይቀርምና ባለቤቶቹ ሰው መምጣቱን ከእንግዳው ድምፅ በፊት ያውቁታል። ቀጥሎ «ውሻ ያዙልን» ሲል፣ ከቤት የወጣው ሰው፣ ብዙ ጊዜ እረኛው ልጅ፣ ውሻውን በአንገቱ ይዞ ወይም በዱላ ገስጾ ያሳልፈዋል። ባለቤቱ ውሻውን ካልያዘ ወይም ሆን ብሎ ከዘገየ፣ ያ ዝምታ ራሱ መልስ ነው፤ እንግዳው ያለ ቃል እንደ ተከለከለ ቆጥሮ ወደሚቀጥለው መንደር ያዘግማል። ውሻው ተይዞ «ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» ከተባለ በኋላ ግን የባለቤቱ ኃላፊነት ይጀምራል፤ የእንግዳው እግር ይታጠባል፣ ከተገኘው ይቀርብለታል፣ ሌሊቱንም ውሻው ለእርሱ ጭምር ይጠብቃል። እዚህ ላይ ከውሻው አንጻር የሚታይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ማታ ደጃፍ ላይ የጮኸበትን ሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከጅብ የሚጠብቀው ያው ውሻ ነው፤ መንደሮቹ በደንና በገደል በተከበቡበትና ጅቦች እስከ ከተማይቱ መሐል በሚዘልቁበት ዘመን ይህ ጥበቃ ቀላል ዋጋ ያለው አልነበረም። ሕዝቡም የውሻንና የጅብን ነገር በምሳሌያዊ አነጋገሩ አብዝቶ ማንሣቱ ከዚህ ኑሮ የመነጨ ነው፤ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው አጥር የሚቀድ ውሻ ባለቤቱን ለአደጋ እንደሚያጋልጥ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውም የዘገየ ጥበቃ ዋጋ ቢስ መሆኑን ያስረዳል።

ውሻው ቤቱን እንዲህ እየጠበቀ ወደ ቤት ውስጥ የማይገባው ለምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ በከፊል ሃይማኖታዊ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ውሻ ወደ ቅጥረ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ ይከለከላል፤ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 22ም ከቅድስቲቱ ከተማ ውጭ ከሚቀሩት መካከል ውሾች ተጠርተዋል። በኮልፌ ብዙ ሙስሊም ነዋሪ ስላለ፣ የእስልምናንም ሥርዓት ማንሣት ተገቢ ነው፤ በሻፊዒ የሕግ ትምህርት የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር መታጠብ አለበት። ስለዚህ ሁለቱ ጎረቤታሞች በሌላ በብዙ ነገር ቢለያዩም ውሻን ከደጅ በማዋል ይስማማሉ። ይሁን እንጂ በሁለቱም ቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ከመንገደኛ ጋር የሚጓዝ ውሻ መኖሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት በምትቆጥረው በመጽሐፈ ጦቢት፣ የጦቢት ልጅ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ረጅም መንገድ ሲጓዝ ውሻው ይከተላቸዋል፤ በቁርኣንም በሱረቱል ካህፍ፣ ከከሓድያን ሸሽተው በዋሻ የተኙትን ወጣቶች ውሻቸው ከደጃፉ እግሩን ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል፤ ሙስሊሞችም በትውፊት ቂጥሚር ይሉታል። የኋለኛው ውሻ በዋሻው ደጃፍ ላይ መተኛቱ ከደጋው አገር ልማድ ጋር የሚገጥም ነው፤ ጓደኛም ቢሆን ቦታው ደጃፍ ነው።

ከቤት ርቆ ከሰው ጋር የሚሄድ ውሻ በአካባቢው ጨርሶ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። እረኛ ከብቱን ወደ ወጨጫ ግርጌ ሲያሰማራ፣ አዳኝም ድኩላና ሚዳቋ ፍለጋ ወደ መናገሻ ደን ሲገባ ውሻ ያስከትሉ ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች ወጥተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ናቸው እንጂ ወደ ሰው ደጅ የሚሄዱ መንገደኞች አይደሉም። በእንግድነት የሚሄድ ሰው ውሻ አያስከትልም፤ ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ባዕድ ውሻ ይዞ ወደ መንደር የሚገባ ሰው የመንደሩን ውሾች ሁሉ በራሱ ላይ ያስነሣል፤ ባለቤቱም አንዱን ውሻ ሲይዝ የሌላው ጠብ ይጀምራል፤ እንግዳውም የሚቀርብለት ምግብ ላይ የውሻውን ቀለብ ለመጨመር አይደፍርም። ስለዚህ ነጋዴውም፣ ተማሪውም፣ ተሳላሚውም የሚተማመነው በበትሩ ነበር። የቆሎ ተማሪ፣ ማለትም ከደብር ወደ ደብር እየዞረ ቁራሽ እየለመነ የሚማር የቤተ ክርስቲያን ተማሪ፣ ከመንደር ውሻ ጋር ያለው ትግል ከትምህርቱ ተለይቶ አይታይም፤ በአጥር ስር ሲለምን ከውሻ ራሱን በዱላ መከላከል የዕለት ሥራው ነበርና።

የዚህ የቆየ ሥርዓት መለወጥ የጀመረው መስተንግዶ ገንዘብ የሚከፈልበት ሥራ ሲሆን ነው። በአዲስ አበባ የዚህ ለውጥ ምልክት ተደርጎ የሚጠቀሰው እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ያቋቋሙት ሆቴል ነው፤ የአገሬው ሰው በልቶና ጠጥቶ ሒሳብ መክፈልን እንደ ነውር ስለ ቆጠረው፣ አጼ ምኒልክ ራሳቸው ከመኳንንቱ ጋር ሄደው በመመገብና በመክፈል አርአያ እንደ ሆኑ ይተረካል። ይህ በከተማይቱ መሐል የሆነ ነገር ነው። በከተማይቱ ዳርቻ ግን ለውጡ ከቤተ መንግሥት አልመጣም፤ የመጣው ከሴቶች ጓዳ ነው። ገብሱን አብቅላ፣ ጌሾውን ወቅጣ፣ ጥንስሱን ጥላ ጠላ የምትጠምቅ ሴት፣ ለቤተሰቧና ለበዓል የምትጠምቀውን ለመንገደኛና ለቀን ሠራተኛ በመሸጥ መተዳደር ጀመረች፤ ይህችም ሴት «ኮማሪ» ተባለች። ጠጅ፣ ማለትም ከማር፣ ከውኃና ከጌሾ የሚጣለው መጠጥ፣ ለረጅም ዘመን ከቤተ መንግሥት ግብርና ከመኳንንት አዳራሽ ጋር የተያያዘ ስለ ነበር በደረጃው ከጠላ ከፍ ያለ ነበር፤ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ግን ጠጅ ቤትም እንደ ጠላ ቤቱ ለከፈለ ሁሉ ክፍት ሆነ። ከዚህ በታች ደግሞ ካቲካላ ወይም አረቄ የሚሸጥበት፣ በመለኪያ የሚቀዳበት ጠባብ አረቄ ቤት አለ።

ጠላ ቤት ከውጭ የሚታወቀው በእንጨት ጫፍ ላይ ተደፍቶ ከደጃፉ በሚሰቀል ጣሳ ነው፤ በአንዳንድ ሥፍራ በጣሳ ፋንታ ቅል ወይም ሌላ መጠጫ ይሰቀላል። ይህ ምልክት ለሚያልፈው ሰው መጠጥ መኖሩን ይነግራል ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ከውሻው ታሪክ አንጻር ሲታይ ግን የሚናገረው ከዚያ ይበልጣል። ጠላ ቤት በአብዛኛው የኮማሪዋ መኖሪያ ቤት የፊተኛ ክፍል ነው፤ ጋኑ የተቀመጠው፣ ልጆቹም የሚያድሩት በዚያው ግቢ ነው፤ ስለዚህ ግቢው እንደማንኛውም ቤት ውሻ ያስፈልገዋል። ሆኖም ደጃፏን ለማንም አላፊ አግዳሚ የከፈተች ሴት የሚናከስ ውሻ ፈትታ መኖር አትችልም፤ አንድ ሰው ቢነከስባት ደንበኞቿ ሁሉ ወደ ጎረቤቷ ጣሳ ይሻገራሉ። ስለዚህ ውሻዋን ቀን ከጓሮ አስራ ሌሊት፣ ጠጪው ሲበተን፣ ትፈታዋለች። በዚህ አሠራር የተሰቀለችው ጣሳ «ውሻ ያዙልን» ለሚለው ጥሪ ሳይጠየቅ የተሰጠ መልስ ሆነች፤ ጣሳዋ በምትታይበት ሰዓት ውሻው ታስሯል ማለት ነውና መንገደኛው ሳይጣራ፣ ፈቃድም ሳይጠይቅ ይገባል። ለዘመናት አንድ ሰው በባዕድ ደጅ ቆሞ ያሰማት የነበረችው ጥሪ በኮልፌ የተረሳችው፣ ሰው ደግነቱን ስለ ተወ ሳይሆን፣ ጥሪው የሚያስፈልግበት ደጃፍ እየቀነሰ ስለ ሄደ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። የእግዜር እንግዳ የነበረው ሰው ደንበኛ ሆነ፤ ደንበኛ ደግሞ ደጅ አይጠናም።

ከጣልያን ወረራ በኋላ ባሉት ዓመታት የመጠጥ ቤቱ ዓይነት በዛ። «ቡና ቤት» የሚለው ስም ቡና ብቻ የሚሸጥበትን ቤት ሳይሆን ቢራና አረቄ የሚቀርብበትን፣ ከኋላውም መኝታ ያለውን ቤት የሚያመለክት ሆነ፤ ከጣልያንኛ የተወረሰው «አልቤርጎ» የርካሽ ማደሪያ፣ «ግሮሰሪ» ደግሞ በአዲስ አበባ አነጋገር ጥቂት ወንበርና አንድ ባንኮኒ ያላት ትንሽ መጠጥ ቤት መጠሪያ ሆኑ። በምዕራቡ መንገድ ላይ ያሉት አውቶቡስና ጭነት መኪና ነጂዎች፣ ረዳቶቻቸውና ተሳፋሪዎቻቸው የእነዚህ ቤቶች ዋና ደንበኞች ነበሩ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በሰበታ የተቋቋመው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካም ለአካባቢው መጠጥ ቤቶች ቅርብ ምንጭ ሆነ። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ የቤት ውሻ ቦታ ጨርሶ ጠፋ፤ ሌሊት የሚጠብቃቸው ዘበኛ ሰው ነውና።

ለውሻ ደጃፉን የከፈተ አንድ ዓይነት ቤት ግን አለ፤ እርሱም ሥጋ ቤት ነው። ጥሬ ሥጋና ጥብስ ከቢራ ጋር የሚቀርብበት ሥጋ ቤት በከተማይቱ ልማድ የመጠጥ ቤት ወገን ሲሆን፣ አጥንትና ጅማት የሚወረወርለት የመንደር ውሻ ከደጃፉ አይጠፋም። ባለቤት የሌለው ይህ ውሻ በቀን በሥጋ ቤቱ ደጅ ተኝቶ ይውላል፤ ማንንም አይናከስም፤ ሥጋ ቆራጩም ሆነ ደንበኛው አያባርሩትም። በጾም ወራት፣ በተለይም በ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም፣ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ውሻውም አብሮ መጾሙ አይቀርም፤ የኮልፌ ውሻ ግን የመስቀል ምልክት ካለበት ደጃፍ ተነሥቶ ጨረቃና ኮከብ ወዳለበት ወደ ሙስሊም ሥጋ ቤት የመሻገር ዕድል ስላለው፣ በዚህ ረገድ አንድ ሃይማኖት ብቻ ባለበት መንደር ከሚኖር ውሻ ይልቅ የታደለ ነው። በእንግሊዝ መጠጥ ቤት ከሚጋደመው ውሻ ጋር የሚነጻጸር ነገር በአዲስ አበባ ካለ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ከማንም ጋር አለመምጣቱና ከማንም ጋር አለመሄዱ ነው።

በደጃፍ ላይ ያለው ውሻ የሚፈራው በጥርሱ ብቻ አልነበረም። የእብድ ውሻ በሽታ፣ ማለትም በተለከፈ እንስሳ ምራቅ የሚተላለፈውና ምልክቱ ከታየ በኋላ ገዳይ የሆነው በሽታ፣ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል፤ የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክኸርስት ስለ በሽታው ታሪክና ስለ ባህላዊ ሕክምናው በጻፉት ጥናት እንደሚታየው፣ በአዲስ አበባ በውሾች ላይ የተነሣው የመጀመሪያው በጽሑፍ የተመዘገበ ትልቅ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1903 ክረምት የሆነው ነው። ሕዝቡ በጠበልና እንደ እንዶድና የምድር እምቧይ ባሉ ዕፅዋት መድኃኒቶች ይታመን ነበር፤ እነዚህ ግን ከተለከፈ ውሻ ንክሻ የሚያድኑ አልነበሩም። በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከፓሪሱ የፓስተር ተቋም ጋር በተደረገ ስምምነት የኢትዮጵያ ፓስተር ተቋም ተመሠረተ፤ ከዚህ ተቋም በስም ለውጥና በውህደት የወጣው የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከኮልፌ አጠገብ በጉለሌ ይገኛል። በዚያ ይዘጋጅ የነበረው ክትባት ከእንስሳ አንጎል የሚሠራ ሲሆን፣ የተነከሰው ሰው ለ14 ቀናት በየቀኑ በሆዱ ቆዳ ሥር ይወጋው ነበር፤ ከምዕራቡ ገጠር የተነከሰ ሰው ይህን ለመጨረስ ከተማ መጥቶ ሁለት ሳምንት ማደሪያ መፈለግ ነበረበት። የከተማው አስተዳደርም በየጊዜው ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ ማስገደልን እንደ መፍትሔ ሲጠቀምበት ኖሯል፤ ይህ ዘዴ ጎዳናው ላይ ለጥቂት ወራት ውሻ ከማሳጣት በቀር በሽታውን አላጠፋም፤ የተገደለው ውሻ ቦታ በሌላ ይተካልና። በኢትዮጵያ ዛሬም በዚህ በሽታ በየዓመቱ 2,700 ያህል ሰው እንደሚሞት ይገመታል።

ኮልፌ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የከተማ ጫፍ፣ ከእርሱም ወዲያ እርሻና ደን እንደ ነበር የሚያስረዳ አንድ ታዋቂ ምስክር አለ። የደቡብ አፍሪካው የነጻነት ታጋይ ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 በኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር፣ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ በበላይነት በሚመሩት ሥልጠና፣ የጦር ትምህርት ተምረዋል፤ ለስድስት ወር የታሰበው ትምህርት ከሁለት ወር ያህል በኋላ ተቋርጦ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ እንዳሰፈሩት፣ ከሥልጠናው አንዱ ክፍል ጠመንጃ፣ ጥይትና ጥቂት ውኃ ብቻ ይዞ በተወሰነ ሰዓት ረጅም ርቀት በእግር መጓዝ ነበር፤ የአገሩን መልክ፣ ደኑንና ደጋውን፣ ያወቁትም በዚሁ ጉዞ ነው። ዛሬ ከዚያው ሠፈር ተነሥቶ በእግሩ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ሰዓታት ከተጓዘ በኋላ እንኳ ከቤት አጥር መካከል አይወጣም፤ ከክፍለ ከተማው ወሰን ወዲያ ያሉት ቡራዩና ሰበታም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተካተዋል።

በደጃፉ ላይ የነበረው ያልተጻፈ ደንብ በጽሑፍ ሕግ የተተካው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የሕጉ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ሳይታሰብ ከእጁ አምልጦ ያደረሰው ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ ከአሮጌው ልማድ ጋር የሚጋጭ ሳይሆን ሸክሙን የሚያዞር ነው፤ በልማዱ መንገደኛው ካልተጣራ ጥፋቱ የእርሱ ነበር፤ በሕጉ ግን ውሻውን መያዝ፣ ተጠራም አልተጠራም፣ የባለቤቱ ግዴታ ሆነ። በቤተል፣ በአየር ጤናና በዓለም ባንክ ሠፈሮች በብረት በሮች ላይ በቀለም የሚጻፈው «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚለው ማስጠንቀቂያ የዚህ አዲስ ዘመን ልጅ ነው። በቀድሞው ዘመን ይጣራ የነበረው እንግዳው ነበር፤ አሁን አስቀድሞ የሚናገረው በሩ ነው፤ የሚናገረውም ግቡ ለማለት አይደለም።

ከእረኛና ከአዳኝ ውሻ ተለይቶ ከጌታው ጋር በጓደኝነት የሚጓዝ ውሻ በይበልጥ የታየው ግን ከውጭ ሰዎች ጋር ነው። ወደ አዲስ አበባ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አንዱን በ1900 ዓ.ም. ነድቶ ያመጣው እንግሊዛዊው ቤንትሌይ «ቡሊ» የተባለ ቡልዶግ በመኪናው አሳፍሮ እንደ ነበር ይታወቃል፤ የአጼ ኃይለ ሥላሴም ትንሽ ውሻ ሉሉ ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ለጎን ሲታይ ብዙዎችን ያስደንቅ ነበር። «የፈረንጅ ውሻ» የሚለው አጠራር ዛሬም ዝርያ ለተመረጠለት ውሻ ሁሉ የሚሰጥ ስም ሲሆን፣ «የሐበሻ ውሻ» ከሚባለው የሚለየው በመልኩ ብቻ አይደለም፤ የፈረንጁ ውሻ ስም፣ ቀለብ፣ ሐኪምና በገመድ የሚወጣበት ሰዓት አለው፤ የሐበሻው ውሻ መቻል ወይም ቡቺ ተብሎ ቢጠራም ራቱ ትራፊ ነው። የመኪና ባለቤት የሆነው የከተማ ነዋሪ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ መናገሻ ደንና ወደ ወጨጫ በእግር ለመንሸራሸር መውጣት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ፣ በገመድ የታሰረ ውሻ ይዞ የሚታይ ሰው በዚያ መንገድ ላይ ብርቅ መሆኑ እየቀረ ነው።

ይህ አዲስ ልማድ ከአሮጌው መማር ያለበት ነገር አለ። በመናገሻ ደን ውስጥ የምኒልክ ድኩላና ጉሬዛ ይኖራሉ፤ የተፈታ ውሻ ለእነርሱ አዳኝ ነው። ከዚያ የሚብሰው አደጋ በባሌ ተራሮች የታየው ነው፤ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች ከሰው ውሾች በተላለፈባቸው የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 በብዛት አልቀዋል። ስለዚህ ውሻ አስከትሎ ከከተማ የሚወጣ ሰው ውሻውን አስቀድሞ ያስከትብ፣ በደን ውስጥም ከገመድ አይፍታው፤ ወደ መንደር ሲቃረብ ደግሞ ከአጥሩ ርቆ ይቁምና ይጣራ። በወጨጫ ሥር ባሉት መንደሮች ጥሪው በአማርኛም በኦሮምኛም አሁንም ይሰማል፤ ከቤት ወጥቶ ውሻውን በአንገቱ የሚይዘውም እንደ ድሮው ብዙ ጊዜ ከልጆቹ አንዱ ነው።